ቻርልስ ኢቫንስ ሂዩዝ ዳኛ ነበሩ ወይስ ፖለቲከኛ?

አንድ የሕግ ተማሪ የሚከተለውን ጥያቄ አቅርበዋል፦ «ቻርልስ ኢቫንስ ሂዩዝ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነው ሳለ ወንበራቸውን ለቀው ለፕሬዝዳንትነት ተወዳደሩ፤ ተሸነፉ፤ ቆይተው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ፤ በመጨረሻም ወደዚያው ፍርድ ቤት በዋና ዳኛነት ተመለሱ። እንዲህ ያለ ሰው በእውነት ዳኛ ይባላል ወይስ ፖለቲከኛ? በ1937 ፍርድ ቤቱ የዝቅተኛ ደመወዝ ሕግን የተቀበለውስ የፕሬዝዳንት ሩዝቬልትን ዛቻ ፈርቶ ነው?»

ጥያቄው ሁለት ቢመስልም ሥሩ አንድ ስለሆነ አያይዤ እመልሳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ታሪክ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ስለ ሂዩዝ የደረስኩበት መደምደሚያ እንዲህ ነው፤ ሰውየው ዳኛም ፖለቲከኛም ነበሩ፤ ከሁለቱም በፊት ግን መርማሪ ነበሩ። ሌላው ሰው «ነገሩ እንዲህ ነው» ሲል እሳቸው «የት ተጽፏል?» ብለው ይጠይቃሉ፤ የተጻፈውንም አስመጥተው ገጽ በገጽ ያያሉ። ይህ ልማድ በጠበቃነታቸውም፣ በገዥነታቸውም፣ በሚኒስትርነታቸውም፣ በዳኝነታቸውም አልተለያቸውም። በዚህ ልማድ የሠሩት ሥራ አብዛኛው እስከ ዛሬ ቆሟል። ልማዱ በማይሠራበት መድረክ ላይ ደግሞ ክፉኛ ወድቀዋል። የ1937ቱም ጉዳይ በትክክል የሚገባን ከዚህ ስንነሣ ነው።

የተወለዱት ኤፕሪል 11 ቀን 1862 በኒው ዮርክ ግዛት ግሌንስ ፎልስ በምትባል ከተማ ነው። አባታቸው ከዌልስ የመጡ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ነበሩ፤ ለወላጆቻቸውም ብቸኛ ልጅ ነበሩ። ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው የትምህርት ቤቱ አካሄድ አሰልቺ ስለሆነባቸው «የቻርልስ ኢ. ሂዩዝ የጥናት ዕቅድ» የሚል ርእስ ያለው ወረቀት ጽፈው ለወላጆቻቸው አቀረቡ፤ በየትኛው ሰዓት ምን እንደሚያጠኑ የሚዘረዝር ነበርና ወላጆቻቸው ተቀብለውት በቤት እንዲማሩ ፈቀዱላቸው። አባትየው ልጃቸው እንደሳቸው ሰባኪ እንዲሆን ይመኙ ነበር። እሳቸው ግን በ1881 ከብራውን ዩኒቨርሲቲ፣ በ1884 ከኮሎምቢያ የሕግ ትምህርት ቤት ተመርቀው በኒው ዮርክ ከተማ ጠበቃ ሆኑ፤ በ1888ም የሕግ ቢሮው ባለቤት የነበሩትን የዋልተር ካርተርን ልጅ አንቷኔትን አገቡ። ከልክ ባለፈ ሥራ ጤናቸው ሲታወክ ሁለት ዓመት በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሕግ አስተምረው ተመለሱ። 43 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ከጠበቆች ክበብ ውጪ ስማቸውን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነበር።

ሁሉም ነገር የተለወጠው በ1905 ነው። የኒው ዮርክ ግዛት ምክር ቤት የከተማው የጋዝ ዋጋ ለምን እንደተወደደ የሚያጣራ ኮሚቴ አቋቁሞ ጠበቃ ሲፈልግ ሂዩዝን አገኘ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የጋዝ ኩባንያውን ሒሳብ ዘርዝረው፣ ካፒታሉ በወረቀት ላይ እንዴት እንዳበጠና ሕዝቡ ለዚያ እብጠት ትርፍ እየከፈለ እንደሆነ አሳዩ። በሺህ ኪዩቢክ ጫማ አንድ ዶላር ይከፈልበት የነበረው ጋዝ ለነዋሪዎች ወደ 80 ሳንቲም እንዲወርድ ያቀረቡት ሐሳብም በሚቀጥለው ዓመት ሕግ ሆነ።

ከጋዙ ምርመራ የሚበልጠው ግን ያንኑ መኸር የጀመረው የሕይወት መድን ድርጅቶች ምርመራ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰውየው በቅርብ የሚታዩት እዚህ ነውና። ኢኲታብል፣ ሙቹዋልና ኒው ዮርክ ላይፍ የተባሉት ሦስት ታላላቅ ድርጅቶች ለመበለቶችና ለወላጅ አልባ ልጆች አለኝታ እንዲሆን ከመድን ገቢዎች የተሰበሰበ አረቦን (የመድን ክፍያ) በእጃቸው ይዘው የአገሪቱን ባንኮችና የባቡር ኩባንያዎች ያሽከረክሩ ነበር። የኢኲታብል ባለቤቶች እርስ በርሳቸው ሲጣሉ ጉድ መውጣት ጀመረና ምክር ቤቱ በሴናተር አርምስትሮንግ የሚመራ ኮሚቴ ሰየመ። ሂዩዝ ጥሪው ሲደርሳቸው ለዕረፍት ከቤተሰባቸው ጋር በአልፕስ ተራሮች ነበሩ። ምርመራው ሴፕቴምበር 6 ተጀምሮ እስከ ዓመቱ መጨረሻ 57 ጊዜ በይፋ ተሰማ።

አካሄዳቸው ዘመኑ ከለመደው የተለየ ነበር። ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም፤ ምስክሩን አይሳደቡም፤ ጋዜጠኞችን የሚያስደስት ንግግር አያደርጉም። የሒሳብ መዝገቡን አስቀድመው ሌሊት አንብበውት ያድራሉ፤ ጠዋት አጭር ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ መልሱን ይዘው ሌላ አጭር ጥያቄ ያስከትላሉ። የኒው ዮርክ ላይፍ ምክትል ፕሬዝዳንትና በዚያው ጊዜ የሞርጋን ባንክ ሸሪክ የነበረው ጆርጅ ፐርኪንስ በቀረበበት ቀን የሆነው ይህን በደንብ ያሳያል። ድርጅቱ በ1903 መጨረሻ ላይ 800,000 ዶላር ያወጣ የመርከብ ኩባንያ ቦንድ ለሞርጋን ባንክ ሸጦ ዓመቱ እንደገባ መልሶ ገዝቶት ነበር፤ ዓላማውም በዓመቱ መዝጊያ መግለጫ ላይ ቦንዱ እንዳይታይ ነው። ሂዩዝ ስለ ማጭበርበር አንዳች ቃል ሳይናገሩ ለሻጩ የተዋዋለው ማን እንደሆነ ጠየቁ፤ ፐርኪንስ ነው። ለገዥውስ? እዚያም ያው ፐርኪንስ ነው። አዳራሹ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ነገሩን ለመረዳት ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገውም።

በዚሁ መዝገብ ውስጥ ምንነቱ ያልተገለጸ የ48,702 ዶላር ክፍያ ተገኘ። ሲጣራ ለቴዎዶር ሩዝቬልት የ1904 ምርጫ ዘመቻ ከመድን ገቢዎች ገንዘብ የወጣ መዋጮ ሆነ። ልብ ይበሉ፤ ሂዩዝ ራሳቸው ሪፐብሊካን ናቸው፤ ሩዝቬልት በሥልጣን ላይ ያሉ የራሳቸው ፓርቲ ፕሬዝዳንት ናቸው። ነገሩን በመዝገብ ላይ እንዲሰፍር አደረጉት። በምርመራው መካከል ፓርቲያቸው ለኒው ዮርክ ከተማ ከንቲባነት ዕጩ አድርጎ ቢመርጣቸውም ምርመራውን የፓርቲ መሣሪያ ያስመስለዋል ብለው አልቀበልም አሉ። በዓመት 150,000 ዶላር ደመወዝ ይከፈላቸው የነበሩት የሙቹዋል ፕሬዝዳንት ማኩርዲ ሥራቸውን ለቀቁ፤ የኒው ዮርክ ላይፉ ማኮልም እንዲሁ። ግዛቱ በ1906 የመድን ድርጅቶች ገንዘባቸውን በምን ላይ እንደሚያውሉ የሚወስንና የፖለቲካ መዋጮ የሚከለክል ሕግ አወጣ፤ የፌዴራሉ ምክር ቤት ደግሞ በ1907 ኩባንያዎች ለፌዴራል ምርጫ ገንዘብ እንዳያዋጡ ከለከለ።

እንግዲህ ጠያቂያችን «ፖለቲከኛ» ሲሉ ወደ ፖለቲካው የገቡበት በር ይህ መሆኑን ያስታውሱ። በ1906 ለገዥነት ሲወዳደሩ ተፎካካሪያቸው የጋዜጣው ከበርቴ ዊልያም ራንዶልፍ ኸርስት ነበሩ፤ ሂዩዝ በ58,000 ያህል ድምፅ ሲያሸንፉ በግዛት ደረጃ ከተወዳደሩት ሪፐብሊካኖች መካከል ያለፉት እሳቸው ብቻ ናቸው። በገዥነታቸው ለባቡር፣ ለጋዝና ለኤሌክትሪክ ኩባንያዎች ተቆጣጣሪ ኮሚሽኖችን አቋቋሙ፤ ገዥው የትኛውንም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቃለ መሐላ አስፈጽሞ እንዲመረምር የሚያስችለውን የ1907ቱን የሞርላንድ ሕግም አስወጡ። ለእኔ ከሁሉ ይልቅ ሰውየውን የሚገልጽልኝ ግን የከለከሉት አንድ ሕግ ነው። ምክር ቤቱ የባቡር መንገደኛ በማይል ከሁለት ሳንቲም በላይ እንዳይከፍል የሚደነግግ ረቂቅ አጽድቆ ላከላቸው። ሕዝቡ ይወደዋል፤ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው። ሂዩዝ ግን ሁለት ሳንቲም ተገቢ ዋጋ መሆኑን ማንም አጣርቶ አላሳየም፣ ሳይጣራ ዋጋ መቁረጥ ለኩባንያውም ለተሳፋሪውም ፍትሕ አይሆንም ብለው መለሱት። ያንኑ የባቡር ኩባንያ በተቆጣጣሪ ኮሚሽን ሥር ያስገቡት እሳቸው ራሳቸው መሆናቸውን ሳይዘነጉ ይህን ያንብቡ።

በዚያው ዓመት ሜይ 3 ቀን በኤልማይራ ከተማ ሲናገሩ «የምንኖረው በሕገ መንግሥት ሥር ነው፤ ሕገ መንግሥቱ ግን ዳኞች ነው የሚሉት ነው» አሉ። ዓረፍተ ነገሩ ከቦታው እየተነቀለ ዳኛ ያሻውን ይወስናል ለማለት ሲጠቀስ በተደጋጋሚ ሰምቻለሁ፤ ተማሪዎቼም ይህንኑ ይዘው ይመጣሉ። ንግግሩን እስከ መጨረሻው ያነበበ ግን ተቃራኒውን ያገኛል። ሂዩዝ የሚከራከሩት የባቡር ታሪፍን የመሰለ ዝርዝር አስተዳደራዊ ጉዳይ በፍርድ ቤት ላይ ከተጫነ ሕዝቡ በዳኞች ላይ ይቆጣል፣ ፍርድ ቤቱም የነፃነትና የንብረት ጠባቂነቱን ክብር ያጣል፤ ስለዚህ ይህን ሥራ መርምሮ ለሚያውቀው ኮሚሽን እንተወው ብለው ነው። ፍርድ ቤትን ለማክበር የተነገረ ቃል ነበር።

በ1910 ፕሬዝዳንት ታፍት ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኝነት ሾሟቸው። ከመጀመሪያዎቹ ውሳኔዎቻቸው አንዱ ጃንዋሪ 3 ቀን 1911 የተሰጠው የቤይሊ ጉዳይ ሲሆን፣ አገራችን ውስጥም ሆነ በሌላ ቦታ የቀብድ ዕዳ ሰውን እንዴት እንደሚያስር የሚያውቅ አንባቢ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ይመስለኛል። አሎንዞ ቤይሊ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ በአላባማ ለአንድ የእርሻ ኩባንያ ለአንድ ዓመት ለመሥራት ተዋዋለ። ደመወዙ በወር 12 ዶላር ነው፤ 15 ዶላር አስቀድሞ ተቀበለ፤ ዕዳው እስኪያልቅ በየወሩ አንድ ዶላር ከሩብ ይቆረጥበታል። አንድ ወርና ጥቂት ቀን ሠርቶ ተወ። በአላባማ ሕግ ገንዘቡን ሳይመልስ ሥራውን መተዉ ብቻውን ከመጀመሪያም ለማጭበርበር እንዳሰበ ማስረጃ ሆኖ ይቆጠራል። የግዛቱ የማስረጃ ደንብ ደግሞ ተከሳሹ በልቡ ምን አስቦ እንደነበር ራሱ እንዳይመሰክር ይከለክላል። ቤይሊ 30 ዶላርና የፍርድ ቤት ወጪ እንዲከፍል ተፈረደበት፤ መክፈል ካልቻለ ስለ መቀጮው 20 ቀን፣ ስለ ወጪው 116 ቀን በከባድ የጉልበት ሥራ ሊታሰር ነው።

በወረቀቱ ላይ ሕጉ የሚቀጣው አጭበርባሪን ነው፤ ባርነት የሚል ቃል የለበትም፤ ጥቁርና ነጭ አይልም። ሂዩዝም ቤይሊ ጥቁር መሆኑን ከግምት ውጪ አድርገን ሕጉን በራሱ እንመዝነው ብለው ጀመሩ። ከዚያ ሁለቱን ድንጋጌዎች ጎን ለጎን አስቀምጠው ሰው ላይ ሲወድቁ ምን እንደሚያደርጉ ተከታተሉ፤ ሠራተኛው ሥራውን ተወ፤ ዕዳውን አልከፈለም፤ ጥፋተኛ ነው ተባለ፤ አፉን ከፍቶ አሳቤ ይህ አልነበረም እንዳይል ተከለከለ። እንግዲህ የተቀጣው ሥራ በመተዉ ነው ማለት ነው፤ በዕዳ ምክንያት ሰውን በግድ ማሠራትን ደግሞ ባርነትን ያስቀረው 13ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ይከለክላል። ግዛቱ በቀጥታ ሊያደርግ የማይችለውን በሕግ ግምት በኩል አዙሮ ሊያደርገው አይችልም ሲሉ ፍርዱን ሻሩት። ታላቁ ዳኛ ሆምስ ሳይቀሩ የልዩነት ሐሳብ የጻፉበት ጉዳይ መሆኑ የሂዩዝን ዓይን ጥራት ያሳየኛል። ሆምስ ያዩት የሕጉን ቃል ነው፤ ሂዩዝ ያዩት አሠራሩን ነው።

ወደ 1916 ስንመጣ ጠያቂያችንን ያስጨነቀው ነጥብ ላይ ደርሰናል። በ1912 የተሰነጠቀው ሪፐብሊካን ፓርቲ ከሁለቱም ወገን ጋር ያልተነካካ ሰው ፈልጎ በሦስተኛው ዙር ድምፅ ሂዩዝን መረጠ፤ እሳቸውም ጁን 10 ቀን ለፕሬዝዳንት ዊልሰን የአንድ ዓረፍተ ነገር ደብዳቤ ልከው ወንበሩን ለቀቁ። ዕጩነቱን አልለመኑም፤ ዘመቻም አላካሄዱበትም። ሆኖም መቀበል አልነበረባቸውም የሚለው ወገን እውነት አለው ብዬ አምናለሁ፤ ከዳኝነት ወንበር በቀጥታ ወደ ምርጫ መድረክ መውረድ ያለፉትን ፍርዶች ሁሉ ወደ ኋላ ተመልሶ ያስጠረጥራል። እሳቸውም ከዚያ በፊት ስማቸው ሲነሣ እምቢ ያሉት በዚሁ ምክንያት ነበር።

ዘመቻው አልተሳካላቸውም። በሴቶች የመምረጥ መብት ላይ ዊልሰን ገና ሲያመነቱ እሳቸው የፌዴራል ሕገ መንግሥት ማሻሻያን በግልጽ ደገፉ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በሌላው ግን የዊልሰንን ሹመቶችና የሜክሲኮ ፖሊሲ አንድ በአንድ እየነቀሱ መተቸትን ያዙ፤ የምርመራ አዳራሽ ጥያቄ በምርጫ መድረክ ላይ ነቀፋ ብቻ ሆኖ ይሰማል። የባቡር ሠራተኞችን የሥራ ቀን ስምንት ሰዓት ያደረገው ሕግ በሴፕቴምበር ሲወጣ፣ ሳይጣራ በሥራ ማቆም ዛቻ የወጣ ሕግ ነው ብለው ነቀፉት፤ የሁለት ሳንቲሙን ረቂቅ የመለሱበት ክርክር መሆኑ ነው፤ ሠራተኛው ግን የሰማው ስምንት ሰዓትን ይቃወማሉ የሚለውን ብቻ ነው።

ካሊፎርኒያ ላይ የሆነው ከዚህ ይከፋል። በሳን ፍራንሲስኮ አስተናጋጆቹ ሥራ ባቆሙበት ክበብ ምሳ በሉ። ኦገስት 20 ቀን በሎንግ ቢች አንድ ሆቴል ውስጥ ሲያርፉ የግዛቱ ገዥና የለውጥ ፈላጊዎቹ ሪፐብሊካኖች መሪ ሃይረም ጆንሰን በዚያው ጣሪያ ሥር ነበሩ፤ ሂዩዝ አላወቁም፤ የነገራቸውም የለም፤ ሳይጨባበጡ ሄዱ። ሲያውቁ ይቅርታ የሚጠይቅ መልእክተኛ ቢልኩም ወሬው ቀድሞ ደርሷል። በኖቬምበር ጆንሰን ለሴኔት በሰፊ ልዩነት ሲያሸንፉ ሂዩዝ አንድ ሚሊዮን ገደማ ድምፅ በተሰጠበት ግዛት ከ4,000 በሚያንስ ድምፅ ተሸነፉ። በአገር ደረጃ የወኪል መራጮች ድምፅ 277 ለ254 ነበርና የካሊፎርኒያ 13 ድምፆች ፕሬዝዳንት ያደርጓቸው ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ መዝገብ ሲያነቡ የኖሩት ሰው እዚያ ሆቴል ውስጥ ማን እንዳለ አለመጠየቃቸው እስካሁን ያሳዝነኛል።

ከሽንፈቱ በኋላ ወደ ጥብቅና ተመለሱ፤ ብዙ ገንዘብም አገኙ። ከዚህ ዘመን ማለፍ የማልፈልገው የ1920ውን ጉዳይ ነው። የኒው ዮርክ ምክር ቤት በሕዝብ የተመረጡ አምስት አባላቱን ሶሻሊስቶች በመሆናቸው ብቻ ሲያግድ፣ «ቀይ ፍርሃት» በተባለው የኮሚኒስቶች ሥጋት ዘመን ማንም አፉን ለመክፈት በሚሠጋበት ጊዜ ሂዩዝ ለአፈ ጉባኤው ተቃውሞ ጻፉ፤ የጠበቆች ማኅበርንም አንቀሳቅሰው ለታገዱት ለመከራከር ሄዱ። ሶሻሊዝምን የሚጠሉ ሪፐብሊካን ናቸው። ምክር ቤቱ አልሰማቸውም፤ አምስቱም በኤፕሪል ተባረሩ።

በ1921 ፕሬዝዳንት ሃርዲንግ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አደረጓቸው። ኖቬምበር 12 ቀን በዋሽንግተን የባሕር ኃይል ጉባኤ ሲከፈት ልዑካኑ የጠበቁት የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር ነው። ሂዩዝ ግን አሜሪካ 845,740 ቶን የሚመዝኑ 30 ታላላቅ የጦር መርከቦችን ትሰብራለች አሉ፤ ከዚያም ወደ ብሪታንያና ወደ ጃፓን ዞረው የትኞቹን መርከቦች መስበር እንዳለባቸው በስም ይጠሩ ጀመር። የሦስቱ አገሮች ድምር 66 መርከብ ነበር። የብሪታንያው አድሚራል ቢቲ ከመቀመጫቸው ወደ ፊት ዘለግ ብለው በድንጋጤ ሲያዩዋቸው ተመልካቾች አይተዋል። በፌብሩዋሪ 1922 የተፈረመው ስምምነት ለአሜሪካ፣ ለብሪታንያና ለጃፓን የአምስት፣ የአምስትና የሦስት ምጣኔ አጸና። ጃፓኖች ሦስቱን እንደሚቀበሉ ሂዩዝ ያወቁት የአሜሪካ ምስጢር ፈቺዎች የቶኪዮን ቴሌግራም ያነቡ ስለነበር መሆኑም መነገር አለበት። ስምምነቱ አሥራ አምስት ዓመት እንኳ አልቆየም፤ ጃፓን በ1934 መውጣቷን አስታወቀች።

ፕሬዝዳንት ሁቨር በ1930 ለዋና ዳኛነት ሲያጯቸው በሴኔት ውስጥ ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ፤ ሴናተር ኖሪስና ባልደረቦቻቸው ሰውየው ለትላልቅ ኩባንያዎች ሲሟገቱ ኖረዋል፣ ከወንበሩም አንድ ጊዜ ለፖለቲካ ወርደዋል አሉ። የጠያቂያችን ጥርጣሬ ያኔም ነበር ማለት ነው። 52 ለ26 በሆነ ድምፅ ጸደቁ። የፌዴራሉ መንግሥት ዋና ተከራካሪ ጠበቃ የነበረው ልጃቸው በአባቱ ፊት መቆም ስለማይገባው ሥራውን ለቀቀ።

ስኮትስቦሮ በተባለችው የአላባማ ከተማ በሁለት ነጭ ሴቶች መደፈር ተከስሰው የሞት ፍርድ የተፈረደባቸው ጥቁር ወጣቶች ጉዳይ በፌብሩዋሪ 1935 ለሁለተኛ ጊዜ ከፊታቸው ቀረበ። ጥያቄው ጥቁሮች ሆን ተብሎ ከጁሪ (ፍርድ ከሚሰጠው የተራ ዜጎች ጉባኤ) ተገልለዋል ወይ የሚል ነው። ግዛቱ በጁሪ መዝገቡ ውስጥ የጥቁሮች ስም አለ ብሎ ተከራከረ። ጠበቃው ሳሙኤል ሊቦዊትዝ እነዚያ ስሞች ቆይተው የተጨመሩ ናቸው ሲሉ ሂዩዝ ይህን ማሳየት ይችሉ እንደሆነ ጠየቋቸው። ሊቦዊትዝ መዝገቡን ይዘውት መጥተዋል፤ አጉሊ መነጽርም ይዘዋል። ሂዩዝ በመነጽሩ ገጹን ተመለከቱ፤ አዲስ ጸሐፊ ሥራ ሲረከብ የአሮጌው ዝርዝር መጨረሻ ላይ የተሰመሩት ቀይ መስመሮች ነበሩ፤ የጥቁሮቹ ስም በመስመሮቹ ላይ ተጽፎ ነበር። ቀለሙ ከመስመሩ በላይ ነው። መዝገቡንና መነጽሩን ወደ ጎን ላሉት ዳኞች አሳለፏቸው፤ እነሱም በየተራ አዩ። ኤፕሪል 1 ቀን በሰጡት ውሳኔ መብት በቃል ተከልክሎ እንደሆነ ብቻ ሳይሆን በተግባርም ተከልክሎ እንደሆነ መመርመር የፍርድ ቤቱ ግዴታ ነው ብለው ጻፉ፤ ፍርዱም ተሻረ። ከ24 ዓመት በፊት በቤይሊ ጉዳይ የያዙት አቋም ነው።

አሁን ወደ 1937 እንምጣ። ፍርድ ቤቱ በ1935 እና በ1936 የፍራንክሊን ሩዝቬልትን ዋና ዋና የኢኮኖሚ ሕጎች ሽሮ ነበር፤ ሂዩዝ ራሳቸውም የኢንዱስትሪ ማገገሚያውን ሕግ በሙሉ ድምፅ የሻረውን ውሳኔ ጽፈዋል። ፕሬዝዳንቱ በ46 ግዛቶች አሸንፈው ከተመለሱ በኋላ ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1937 ዕድሜው ከ70 ዓመት አልፎ ጡረታ ላልወጣ ለእያንዳንዱ ዳኛ አንድ ተጨማሪ ዳኛ፣ እስከ ስድስት ድረስ፣ ለመሾም የሚያስችል ረቂቅ አቀረቡ፤ የሰጡት ምክንያትም ሽማግሌዎቹ ዳኞች ሥራ በዝቶባቸው መዝገብ ተከማችቷል የሚል ነው።

ሂዩዝ ንግግር አላደረጉም፤ መግለጫም አልሰጡም። ረቂቁን የሚቃወሙት ዴሞክራት ሴናተር በርተን ዊለር ሲጠይቋቸው በአንድ ቅዳሜና እሑድ ደብዳቤ አዘጋጅተው ሰጧቸው፤ ማርች 22 ቀን በኮሚቴው ፊት ተነበበ። ደብዳቤው ቁጥር ነው። ፍርድ ቤቱ ማርች 15 ለዕረፍት ሲነሣ ገና ከአራት ሳምንት በፊት የተቀበላቸውን ጉዳዮች ሳይቀር ክርክራቸውን ሰምቶ ነበር፤ የተከማቸ መዝገብ የለም። የዳኞች መብዛትም ሥራን እንደማያፋጥን ሲጽፉ የሚሰሙ ዳኞች ይበዛሉ፣ የሚመካከሩ ይበዛሉ፣ የሚወያዩ ይበዛሉ፣ ማሳመን የሚያስፈልጋቸውም ይበዛሉ አሉ። በጊዜ ማጠር ሁሉንም ዳኞች አላማከሩም፤ ብራንዳይስና ቫን ዴቫንተር ብቻ አይተውት ተስማምተዋል። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ አሉ፤ ደብዳቤውም ዋና ዳኛ በሕግ አወጣጥ ክርክር ውስጥ የገባበት የፖለቲካ ሥራ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን የመንግሥትን አቤቱታ በመንግሥት የመዝገብ ቁጥር ማፍረስ ከ1905 ጀምሮ የሚያውቁት ሥራ ነበር።

ከሳምንት በኋላ ማርች 29 ቀን የፓሪሽ ውሳኔ ተሰጠ። ኤልሲ ፓሪሽ በዋሽንግተን ግዛት ዌናቺ ከተማ በሆቴል አልጋ የምታነጥፍ ሠራተኛ ስትሆን፣ የግዛቱ ሕግ ለ48 ሰዓት ሳምንት 14 ዶላር ከ50 ሳንቲም ያዝዛልና ያልተከፈላት ልዩነት 216 ዶላር ከ19 ሳንቲም እንዲከፈላት ከሰሰች። ሂዩዝ በ5 ለ4 ድምፅ ፈረዱላት፤ ሕገ መንግሥቱ ስለ ነፃነት እንጂ ስለ «ውል ነፃነት» አይናገርም፣ ኑሮ የማይገፋበት ደመወዝ ሲከፈል ጉድለቱን የሚሸፍነው ማኅበረሰቡ ስለሆነ ሕሊና ለሌለው አሠሪ ድጎማ መስጠት ነው አሉ።

ታዲያ ዛቻውን ፈርተው ነው? የቀኖቹን ቅደም ተከተል ይመልከቱ። ዳኞቹ በፓሪሽ ጉዳይ ድምፅ የሰጡት ዲሴምበር 19 ቀን 1936 ነው፤ ረቂቁ ይፋ ከመሆኑ ከስድስት ሳምንት በላይ ይቀድማል። ያኔ ዳኛ ስቶን ታመው ስለነበር ድምፁ 4 ለ4 ሆነ፤ እሳቸው እስኪመለሱ ተጠበቀ። ሂዩዝ ደግሞ በጁን 1936 በተመሳሳይ የኒው ዮርክ ሕግ ላይ ከሕጉ ጎን ቆመው የልዩነት ሐሳብ ጽፈው ነበርና በደመወዝ ጉዳይ የለወጡት አቋም የለም። የለወጡት ዳኛ ሮበርትስ ናቸው፤ በጁንና በዲሴምበር መካከል የነበረው የኖቬምበር ምርጫ ይንካቸው አይንካቸው ከቀኖቹ ብቻ መወሰን አይቻልም።

ይህ ግን ሂዩዝን ሙሉ በሙሉ ነፃ አያወጣም። በ1936 የማዕድን ቁፋሮ የአካባቢ ጉዳይ እንጂ የፌዴራል ንግድ አይደለም በሚለው ተስማምተው ነበር፤ ኤፕሪል 12 ቀን 1937 ግን በብረት ኩባንያው በጆንስ ኤንድ ላፍሊን ጉዳይ የሠራተኛ ማኅበራትን የሚጠብቀውን የፌዴራል ሕግ ደግፈው ጻፉ። ክርክራቸው የተመሠረተው ኩባንያው በየግዛቱ ባሉት ማዕድናት፣ በታላላቅ ሐይቆች ላይ ባሉት መርከቦቹና በባቡሮቹ ዝርዝር ላይ ነው፤ ጠንካራ ጽሑፍ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያነበበ ሰው ግን መስመሩ እንደተንቀሳቀሰ ያያል፤ የዘመኑ ግፊት አልነካቸውም ብዬ ልምልልዎ አልችልም። ረቂቁ በጁላይ ወደ ኮሚቴ ተመልሶ ሞተ።

አንድ ሌላ ውድቀትም መናገር ይገባኛል። በጁን 1940 በፔንሲልቬኒያ የይሖዋ ምስክሮች ልጆች ለባንዲራ ሰላምታ አንሰጥም ብለው ከትምህርት ቤት ሲባረሩ ሂዩዝ ከስምንቱ ዳኞች አንዱ ሆነው በልጆቹ ላይ ፈረዱ፤ ስቶን ብቻቸውን ተቃወሙ። ሰላምታው በልጅ ሕሊና ላይ በተግባር ምን እንደሚያደርግ የመጠየቅ ልማዳቸው እዚያ አልታየም። ፍርድ ቤቱ በ1943 ያንን ውሳኔ ሻረ፤ ሂዩዝ ግን በጁላይ 1941 ጡረታ ወጥተው ነበር፤ በ1948 በ86 ዓመታቸው ዐረፉ።

ጠያቂያችን ለጥናትዎ ውሳኔዎቹን ራሳቸውን እንዲያነቡ እመክራለሁ፤ በ1937 አይጀምሩ። ከቤይሊ ጀምረው ወደ ኖሪስ (በአንዱ ተከሳሽ ስም ወደሚጠራው የስኮትስቦሮ ውሳኔ) ይለፉ፤ ከዚያ ለሴናተር ዊለር የተጻፈውን ደብዳቤ ያንብቡ፤ ፓሪሽንና የብረት ኩባንያውን ውሳኔ በመጨረሻ ያስከትሉ። እያንዳንዱን ሲያነቡ ስለ ሕጉ ከመናገራቸው በፊት ስለ ጉዳዩ ፍሬ ነገር ስንት ገጽ እንደጻፉ በእርሳስ ምልክት ያድርጉበት።